ልክ የገባው ጥይት

ባገባሁ በዓመቱ ነው። ባለቤቴ ለበርበሬ በረንዳ ሱቃችን በርበሬ ሊያመጣ ጎጃም ይመላለስ ነበር። የዓባይ በረሃ ሽፍታ ያስፈራኛል። እሱ የያዘው ደግሞ ከአባቱ የወረሰውን አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነው። ስለዚህ ሳልነግረው ከአንድ ነጋዴ “ኃይለኛ” የተባለ አዲስ ጥይት ገዝቼ ሽጉጡን አጎረስኩት። ልክ ገባ።

ምላጩ ስለሚጠብቅ ግን ምን አለሽ ተራ ላሉ ሽማግሌ መሣሪያ ጠጋኝ ወሰድኩላቸው። ከፍተው አዩት። ከዚያ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጡ።

“ማነው ያጎረሰው፣ ልጄ?”

“እኔ ነኝ ጋሼ፤ ለባለቤቴ። ልክ ገባ እኮ።”

“መግባቱንስ ይገባል። ሽጉጡ ግን አይችለውም። የተሠራው ባሩድ ደካማ በነበረበት ዘመን ነው፤ ብረቱ ስስ ነው። ይህ ጥይት ወፍራም ብረት ይፈልጋል። ቢተኩስበት እጁ ላይ ይፈነዳል።”

ግድግዳውን ተደገፍኩ። በርጩማቸውን ለቀውልኝ ውኃ አጠጡኝ።

“ለእሱ ብዬ ነበር” አልኳቸው እያለቀስኩ።

“አውቃለሁ” አሉና ለሽጉጡ የሚስማማ ደከም ያለ ጥይት ፈልገው ሰጡኝ።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለባለቤቴ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዘኝ።

“አንድ ቀን እንኳ ተኩሼበት አላውቅም” አለኝ። “ሽፍታ ቢመጣ በርበሬውን ትቼለት ወደ አንቺ ነው የምሮጠው።”