በፎርሙ ላይ ያልነበረው ምክንያት

ሥራ የገባሁ ቀን ሦስት ነገር ተሰጠኝ፤ አንድ ፓኬት ጠመኔ፣ የተማሪዎች ስም ዝርዝርና አንድ ምክር። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ በሚባለው ሰፈር ያለ አንድ ኮሌጅ። ትምህርቱ ደግሞ የማኔጅመንቱም የአካውንቲንጉም ተማሪ እኩል የሚጠላው የቢዝነስ ስታትስቲክስ መግቢያ። ምክሩን የሰጠኝ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነበር።

"ስኬል ትሠራለህ" አለኝ። "ከላይ ጥቂት ኤ፣ መሃል ላይ ብዙ ሲ፣ ከታች ሁለት ሦስት ኤፍ። እንደዚያ ካደረግህ ማንም አይጮህብህም።"

ስኬል ማለት ተማሪ በራሱ ሥራ ሳይሆን በጎረቤቱ ሥራ ሲመዘን ነው። ክፍሉ ሰነፍ ከሆነ ከመቶ አርባ አምስት ያመጣው ኤ ይወስዳል። ክፍሉ ጎበዝ ከሆነ ደግሞ ሰባ ያመጣው ሲ ላይ ይቀራል። እኔ የቢቸና ሰው ነኝ፤ ከአባቴ የወረስኩት ብቸኛ ንብረት ግትርነት ነው። "ይሄ እሽቅድምድም እንጂ ምዘና አይደለም" ብዬው ወደ ክፍል ገባሁ።

ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ኩዊዝ አሥር፣ የመስክ ሥራ ሃያ፣ ሚድ ሠላሳ፣ ፋይናል አርባ። ዘጠና ያመጣ ሁሉ ኤ፤ ክፍሉ በሙሉ ካመጣ ክፍሉ በሙሉ ኤ። ከሃምሳ በታች ኤፍ። ከሥሩ ሁለት መስመር ጨመርኩ፦ "በፈጠራ የመጣ ቁጥር ዜሮ ነው። አንዴ የተሰጠ ውጤት አይቀየርም።"

በሳምንቱ ስሜ "አይቀየርም" ሆነ። ኮሪደር ላይ ሳልፍ "አይቀየርም መጣ" ይባባላሉ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

የመስክ ሥራው ቀላል ነው። ተማሪዎቹ ወደ ከተማው ወርደው አርባ ነገር ይለካሉ፤ አማካዩን ያወጣሉ፤ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ ያሰላሉ። ይህን ርቀት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንለዋለን። ቁጥሮቹ ከተበታተኑ ትልቅ፣ ከተቀራረቡ ትንሽ ይሆናል።

አንዱ ቡድን እሑድ ጠዋት ሲቀላ ገበያ መሃል አርባ የእህል መደብር ጎበኘን ብሎ ጻፈ። አብዛኛው መደብር እሑድ ጠዋት ዝግ ነው፤ ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላው የባጃጅ ተራ የሚጠበቅበትን ደቂቃ ለካሁ ብሎ ቁጥሩን ከመማሪያ መጽሐፉ ምሳሌ እንዳለ ገለበጠው፣ ከነስህተቱ። ሁለቱም ዜሮ አገኙ። እየቆየሁ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሰው ቁጥር ሲፈጥር ያሳምረዋል። እውነተኛ ቁጥር ግን ዝብርቅርቅ ነው። በዚህ ዘዴ ስንቱን ያዝኩ። መያዙ ጣፈጠኝና ዓይኔን ከሚዛን በላይ ማመን ጀመርኩ።

ዓመታት አለፉና የአንድ ለአምስት አደረጃጀት መጣ። አንዱ መሪ፣ አምስቱ ተመሪ ሆነው አብረው ያጠናሉ፤ የመስክ ሥራውንም አብረው ይሠራሉ። ከመሪዎቹ አንዷ ታደለች ነበረች፤ ከጨንቻ የመጣች፣ ከአክስቷ ጋር ኩልፎ ወንዝ ዳር የምትኖር፣ ክፍል ውስጥ ሳትጠየቅ የማትናገር ልጅ። ካለፈው ሴሚስተር ማስጠንቀቂያ ነበረባት። አንድ ኤፍ ከጨመረች ከኮሌጁ ትሰናበታለች።

ቡድኗ አርባ የሙዝ ዘለላ መዝኖ ሪፖርት አመጣ። ቁጥሮቹን አየሁ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሁለት ተኩል፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ሦስት። አርባውም ከሃያ ሁለት እስከ ሃያ አራት ኪሎ። ግቢዬ ውስጥ ሁለት የሙዝ እግር አለኝ፤ የአንደኛው ዘለላ የሌላውን ግማሽ አይሞላም። አርባ ሙዝ እንደ ወታደር ተሰልፎ እኩል ሊሆን? በቀይ እስክሪብቶ "0/20፣ የፈጠራ ቁጥር" ብዬ ጻፍኩ። ሙዝ መብላት እንጂ ቆርጦ መሸጥ እንደማላውቅ ትዝ አላለኝም።

በዚያ ዜሮ የታደለች ድምር ከሃምሳ በታች ወርዶ ኤፍ ሆነ። ውጤት ተለጥፎ ሪፖርት በምመልስበት ቀን ክፍሉ ሙሉ ነበር። የታደለችን ሪፖርት ከፍ አድርጌ አሳየሁ። "ለመዋሸትም እኮ ዕውቀት ያስፈልጋል" አልኩ። ተማሪው ሳቀ። ታደለች ተነሣች።

"ቲቸር፣ ይሄን በእጄ ነው የመዘንኩት።"

"ተቀመጪ።"

"አልቀመጥም። ውሸት ከሆነ አብረን እንሂድና ይመዘን።"

"ውጤት አይቀየርም" አልኳት። ሪፖርቷን ተቀብላ ወጣች፤ አምስቱም ተከትለዋት ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ዲኑ አስጠራኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚወደው ነገር ቢኖር የተዘጋ ፋይል ነው። "ስድስት ልጆች ቢሮዬን ሞልተውት ነበር" አለኝ። "አሥር አሥር ስጣቸውና ዝጋው። ልጅቷም ታልፋለች፣ አንተም ታርፋለህ።"

"ከዋሹ ዜሮ ነው" አልኩት። "ካልዋሹ ደግሞ አሥር ለምን? ግማሽ ውሸት የሚባል ማርክ የለኝም።"

በሩን ዘግቼ ስወጣ የገዛ አፌ ያዘኝ። ካልዋሹ ብያለሁ። መዋሸታቸውንስ በምን አወቅኩ? አይቼ ነው? መዝኜ ነው? ቁጥሩ ስላማረ ብቻ ነው። ለተማሪ ማስረጃ አምጣ እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬ፣ እኔ የያዝኩት ማስረጃ የግቢዬ ሁለት የሙዝ እግር ነበር። አፈርኩ። ታደለችን ግቢ በር ላይ አገኘኋትና "ቅዳሜ ጠዋት አሳዪኝ" አልኳት።

ቅዳሜ ኩልፎ ዳር ወረድን። ሙዝ የሚጭነው አይሱዙ መኪና የሙዝ ቅጠል ተነጥፎበት ቆሟል። የጫኞቹ አለቃ ጋሽ ዳና የሚባሉ፣ ትከሻቸው ላይ ጆንያ ያጠፉ ሽማግሌ ናቸው። ታደለች በጋሞኛ አስረዳቻቸው። ወደ እኔ ዞሩ።

"አስተማሪ፣ ሙዝ እኩል አይሆንም አልክ አሉ?"

"አዎ፣ ብያለሁ።"

"እርሻ ላይ እውነትህ ነው። መኪና ላይ ግን ውሸት ነው። ይሄ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው። እኩል እኩሉን ነው የምንጭነው። ትንሹ ትልቁ መሃል ከገባ መንገድ ላይ ይቀጠቀጣል፣ ይጠቁራል። ትንሹ ለሲቀላ ነው።"

"ማን ይመዝነዋል?"

"ትከሻ።" አንዱን ዘለላ አነሡና ጆንያው ላይ አሳረፉት። "ሃያ ሦስት።"

ሚዛኑ ላይ ሰቀልነው። ሃያ ሦስት። ሁለተኛውን "ሃያ ሁለት፣ ትንሽ ያልፋል" አሉ። ሃያ ሁለት ተኩል። አሥር ዘለላ ድረስ ቆጠርኩ። አንዴ ብቻ በግማሽ ኪሎ ተሳሳቱና ሚዛኑን ክፉኛ ገላመጡት። ወደ ጥላው ሄጄ ለሲቀላ የተተወውን ክምር በራሴ እጅ መዘንኩ። ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሰባት። እኔ የማውቀው ዝብርቅርቅ ሙዝ እዚያ ተኝቷል።

"ታደለች፣ የተመረጠ ሙዝ መሆኑን ለምን አልጻፍሽም?"

ግራ ገባት። "ቲቸር፣ ይሄን እኮ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ይጻፋል ብዬ አላሰብኩም።"

እውነቷን ነው፤ እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቀዋል፣ ከእኔ በቀር። ቀይ እስክሪብቶ የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ።

"አሥራ ስድስት እሰጣችኋለሁ" አልኩ። "አራቱ የሚቀነሰው ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ስላልጻፋችሁ ነው። አንባቢ ይህን ካላወቀ የአርባ ምንጭ ሙዝ ሁሉ ሃያ ሦስት ኪሎ ይመስለዋል።"

"አራቱ ይገባኛል" አለች። "ግን ውሸታም ያሉን ክፍል ውስጥ ነው። እዚያው ይንገሩልን።"

ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆሜ እነታደለች እንዳልዋሹ፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ የፎርሙ ጣጣ መጣ። የውጤት መለወጫ ፎርም ላይ ሦስት ሣጥን አለ፤ የመደመር ስህተት፣ የመገልበጥ ስህተት፣ ሳይታረም የቀረ ወረቀት። ከሦስቱ አንዱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሬጅስትራር የምትሠራው ወይዘሮ አልማዝ "ጋሼ፣ የመደመሩ ላይ ያድርጉት፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው" አለችኝ። እኔ ግን መደመር አልተሳሳትኩም። በማስመሪያ አራተኛ ሣጥን ሠራሁና ከጎኑ ጻፍኩ፦ "መምህሩ ሳያረጋግጥ ተማሪዎቹን በሐሰት ወንጅሏል።"

ዲኑ ፎርሙን መለሰው። "ራስህን ነው የምታዋርደው?" አለኝ። "ይሄ ከጸደቀ ነገ ተማሪ ሁሉ በር ላይ ይሰለፋል። የመደመር ስህተት በልና አሁኑኑ ልፈርም።" በድጋሚ አስገባሁት። በድጋሚ መለሰው። የቀጣዩ ሴሚስተር ምዝገባ ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀረው። ፎርሙ ካላለፈ የታደለች ኤፍ ይጸናል፤ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ጨንቻ ትወጣለች።

እዚህ ላይ ፈራሁ። ግትርነቱ የእኔ፣ ዕዳው የእሷ ሊሆን ነው። ጠርቼ ነገርኳት። "የመደመር ስህተት ካልኩ ዛሬውኑ ያልቃል። ምረጪ።"

ብዙም አላሰበችም። "የመደመር ስህተት ከተባለ ፋይሉ ላይ ውሸታም እንደሆንን እንቀራለን። ቲቸር መደመር ተሳሳቱ ተብሎ ማለፍ አልፈልግም።"

ፎርሙን ይዤ ዲኑ ቢሮ ገባሁና ቁጭ አልኩ። "በዚህ ምክንያት ካልፈረምክ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ስታትስቲክስ ሌላ ሰው ይያዘው" አልኩት። ያን ኮርስ የሚፈልግ መምህር በግቢው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። እስክሪብቶውን አነሣ። ከዚያ ፈረመ፤ ከፊርማው ሥር "ለሌላ ጊዜ እንደ ልማድ እንዳይያዝ" ብሎ ጨመረበት። ወይዘሮ አልማዝ ማኅተሙን ስትመታ "ጉድ ነው!" አለች። ታደለች ተመዘገበች።

ዲኑ የፈራው አልቀረም፤ ተማሪው ቢሮዬ በር ላይ ተሰለፈ። አንድ በአንድ ወረቀታቸውን ከእነሱ ጋር አየሁ። የሁለቱን ቀየርኩ፤ የቀሩት እንደነበሩ ሄዱ። በዚያው ዓመት ይሰጥሃል ተብዬ የነበረው የኮርስ አስተባባሪነት ለሌላ ሰው ተሰጠ። አልቆጨኝም ብል እዋሻለሁ፤ ቆጭቶኛል። ፎርሙን ግን ዛሬም ቢሆን እንደዚያው ነው የምጽፈው። ቅጽል ስሜም አልተቀየረም፤ ልጆቹ "አይቀየርም ቀየረ" እያሉ ይስቁ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ቀን ሰሌዳው ላይ ያንኑ ጻፍኩ። ዘጠና ኤ፣ ፈጠራ ዜሮ። "አይቀየርም" የሚለውን ብቻ ተውኩት፤ በምትኩ "ከተጠራጠርኩ መጥቼ እመዝናለሁ" አልኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስንት ቅዳሜ በዚህ እንዳለፈ ባለቤቴ ትናገር።

ታደለች አሁን ምዕራብ ዓባያ፣ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ውስጥ ትሠራለች። በቀደም ሪፖርቷን አሳየችኝ። የመጀመሪያው መስመር "እነዚህ ዘለላዎች ለጭነት የተመረጡ ናቸው" ይላል። አራቱን ነጥብ አልረሳችም። እኔም ዜሮውን አልረሳሁም።

አሁን ይህን ኮርስ ለያዛችሁ የምለው አንድ ነው። ተማሪው ላልጻፈው ነጥብ ቀንሱ። እናንተ ላላያችሁት ግን አትቀንሱ።