የወንድሜ ጨው

«ጨው ወርዷል» አሉን። በቃ፣ ያስረዱን ይኼንኑ ብቻ ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ወንድሜ አየር ጤና ሰፈር፣ እኔ የመኪና ወንበር ልብስ ከምሰፋበት ጋራዥ ደጃፍ፣ ጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ወደቀ። ጭንቅላቱ ከአስፋልቱ ሲጋጭ ድምፁን ሰምቻለሁ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባ በአራተኛው ቀንም ዓይኑን አልገለጠም። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ አልጋውን ከበው በእንግሊዝኛ ያወራሉ፤ እኔና እናቴ በሩ ላይ አንገታችንን አስግገን እንቆማለን። ከሚሉት አንድም አይገባንም፣ የሚነግረንም የለም። የዚያን ቀን ግን አንዱ ወጣት ሐኪም ሲወጣ መንገዱን ዘጋሁበት።

«ዶክተር፣ ስለ እግዚአብሔር ይንገሩኝ፤ ለምንድን ነው የማይነቃው?»

«ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ወርዷል። ጨው ሲወርድ አንጎል ያብጣል። ቢያንስ መቶ ሠላሳ አምስት መሆን የነበረበት መቶ አሥራ ስምንት ገብቷል» አለና ጥሎኝ ሄደ።

ከኋላው ነርሷ መጣችና የደም ብልቃጥና ወረቀት አስጨበጠችኝ። ጨውን የሚለካው ማሽን በዚያው ጠዋት ተበላሽቷል፤ ውጭ አሠሩ አለችኝ። እንዴ! አንጎሉ ያበጠ ሰው አስተኝተው ደሙን እኔ ተሸክሜ በታክሲ ልዙር? ታክሲው ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል «አልጠጋም፣ ሰው ይዣለሁ!» ብዬ ጮህኩበት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እጄ ላይ ያለችው ያቺው ብልቃጥ ናት። አየር ጤና ካለው ላብራቶሪ ስደርስ ደግሞ ወረፋ ያዢ አሉኝ። ወረፋ! እዚያም ተጣላሁ፤ ከማን ጋር ያልተጣላሁት አለ?

ቤት ስገባ እናቴ ሾርባውን ፔርሙዝ ውስጥ ገልብጣ ጨርሳለች። ነርሶቹ በአፍንጫው ባስገቡት ቱቦ የሚሰጡት እኛ ከቤት የምናመጣውን ሾርባ ነው። ፔርሙዙን እያየሁ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ዘይት የጎደለው መኪና ዘይት ይጨመርለታል፤ ጨው የጎደለው ሰውስ? ጨው ብርቅ ሆነ እንዴ? ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ጨው ጨመርኩና ከድኜ ወዘወዝኩት። ለእናቴም አልነገርኳት። መንገድ ላይ «አንተ ጨው፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» እላለሁ። ለጨው ይሁን ለወንድሜ የምናገረው እንጃ። ነርሶቹም ሾርባውን እንደ ወትሮው በቱቦው ሰጡት።

በማግስቱ ደሙን ወስጄ ውጤቱን ስቀበል መቶ ሠላሳ ሁለት ይላል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እየሮጥኩ ለዚያው ሐኪም ሰጠሁት። ወረቀቱን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«በአንድ ቀን? አይሆንም። ላብራቶሪው ተሳስቷል፣ ወይም ደሙ መንገድ ላይ ተበላሽቷል።»

«ሲወርድ ወረደ ትላላችሁ፣ ሲወጣ ደግሞ አይሆንም! ምን ይሁንላችሁ?» አልኩት፤ ኮሪደሩ በእኔ ጩኸት ተሞላ።

ሐኪሙ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያ ማለት የነበረበትን አለ። ጨው መውጣት ያለበት ቀስ ብሎ ነው። በአንድ ጊዜ ሽቅብ ከወጣ አንጎሉን ይጎዳዋል፤ ቢነቃ እንኳ መናገርም መዋጥም ሊያቅተው ይችላል። በደም ሥሩ የሚገባውን የጨው ጠብታ እየለኩ የሚሰጡት ለዚህ ነው። የዚያን ቀን ሾርባ በክንዴ ይዤዋለሁ፤ እሱም ጨው አለበት።

«ዶክተር፣ ሾርባው…» አልኩና ፔርሙዙን ዘረጋሁለት።

ፔርሙዙን ከእጄ ወስዶ ክዳኑ ላይ ጠብ አደረገና በጣቱ ቀመሰው። ፊቱ ተጨማደደ።

«ለምን አልጠየቅሽም?» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «ጨው ወርዷል ብለህ ሄድክ! እኛ ቤት ጨው ማለት ጨው ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም! ደሙን ተሸከሚ ስትሉኝ ሰው ነኝ፣ ስትነግሩኝ ግን ግድግዳ ነኝ?»

ሐኪሙ ሮጦ ገባና ጠብታውን አስነቀለ፤ በቱቦው ንጹሕ ውኃ ሰጡት። የዚያን ቀን ብቻ ደሙን ሦስቴ አመላልሻለሁ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን ወንድሜ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ምኑን እለቅመዋለሁ? ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይኑን ገለጠ። መዋጥ ቻለ፣ ቤትም ገባ። አይናገርም። ከአወዳደቁ ይሁን ከጨው ብዬ ስጠይቅ ማንም አያውቅም። ማሽኑን ባላስጠገኑት፣ በዚያ ሐኪም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ እጅ እንደተናደድኩ ነበር የምተኛው፣ እንደተናደድኩ የምነሳው። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። የእሱን ምግብ የምሠራው እኔ ብቻ ሆንኩ፤ ሐኪሞቹ ጨው እንደ ማንኛውም ሰው ይብላ ቢሉም እጄ ወደ ጨው ዕቃው አልሄድ አለኝ።

አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ትራስ አስደግፌው ሾርባ አጎርሰዋለሁ። ሦስተኛውን ማንኪያ ዋጠና አራተኛውን ስዘረጋለት አፉን ገጠመ። ግንባሩን ቋጠረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉ ተጎትቶ፣ ተጎትቶ ወጣ።

«ጨው… ረሳሽ።»

ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«አልረሳሁም!» ብዬ ጮህኩበት።