እርስዎ እያሉ

እጁን ታጥቦ ሲጨርስ መዳፉን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ይህ ነው። ጋራዡ ጥግ ካለችው ቧንቧ ሥር ጎንበስ ብሎ፣ በዱቄት ሳሙና ጥፍሩን ሳይቀር ይፈትጋል፤ ያለቀልቃል፤ ከዚያ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ፣ ውሃ ሊጠጣ እንዳለ ሰው፣ ፊቱን ውስጡ ይቀብራል። ድሮ ይህን የሚያደርገው ቤንዚኑ ከእጁ መልቀቁን ለማወቅ ነበር። ካልለቀቀ መልሶ ይታጠባል፤ ቤንዚን ይዞ ቤቱ አይገባም። አሁን ግን መዳፉ ውስጥ ቤንዚን ቢኖር፣ ጽጌረዳ ቢኖር፣ ምንም ባይኖር፣ ለእሱ አንድ ነው። እጁ ብቻ የለመደውን አልተወም።

ሰፈሩ ሁሉ «አፍንጫው» ይለዋል። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጣለት ከጋራዡ ማዶ የሚሠራው በያጁ ሲሆን፣ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣም። የታመመ መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ወደ ኋላ ይዞራል። ጭሱ ከሚወጣበት ጫፍ ክንድ ያህል ርቆ ይቆማል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። «ይሄ ዘይት እየበላ ነው።» «ይሄ ሞተሩ ውስጥ ውሃ ገብቶበታል።» «አንዱ ካንዴላ አይተኩስም።» ከዚያ ይከፈታል፣ ያለውም ይገኛል። ለሌላው ሰው ዓይን የሚያስለቅስ ጥቁር ነገር፣ ለእሱ ፊደል ነበረው። በያጁ ለመጣ ለሄደው ሲያወራ፣ «እንኳን ሞተሩ የታመመበትን፣ ባለቤቱ ምሳ የት እንደበላ ያሸታል» ይል ነበር።

መኪኖች በኮምፒውተር መታዘዝ ሲጀምሩ፣ አፍንጫው እንግዲህ የሚበላው አያገኝም ተባለ። እሱ ግን መመርመሪያ ማሽን ገዝቶ፣ ሌት ተቀን ታግሎ ተማረው። አፍንጫውንም አልጣለም። «ማሽን የጠየቁትን ይመልሳል» ይል ነበር፤ «አፍንጫ ያልጠየቁትንም ይናገራል።»

ከዚያ ያ ጉንፋን መጣ። ሰው ሁሉ የሚይዘው ዓይነት ጉንፋን ነው፤ አልጋ ላይ ጣለው፣ ተነሣ፣ ሥራ ገባ። አንድ ጠዋት የውሃ መስሎት ጀሪካን አንሥቶ አቧራውን ለማብረድ ደጁ ላይ ሊረጭ ሲል፣ በያጁ ማዶ ሆኖ ብየዳውን እያንጣጣ አየው። «አንተ ሰውዬ፣ ቤንዚን እኮ ነው! ልታነደን ነው?» አፍንጫው ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «እንቅልፍ ነው» አለ። እንቅልፍ አልነበረም። ጀሪካኑ አፍ ላይ ተደፍቶ ደጋግሞ ሳበ፤ ባዶ አየር።

ሐኪሙ «ነርቩ ተጎድቷል፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» አለው። ለማንም አልተናገረም። ማሽተት ለማይችል አፍንጫው ማን መኪናውን ያመጣለታል? ከዚህ ሌላ ሙያ የለው፤ ዕድሜውም አዲስ ሙያ የሚጀመርበት አይደለም። ስለዚህ ዘዴ ፈጠረ። እንደ ድሮው ከመኪናው ኋላ ይቆምና ባለቤቱን ይጠራል። «እስቲ አንተ አሽት። ምን ይላል?» ባለመኪናው ሳብ አድርጎ፣ «የገማ እንቁላል ዓይነት» ሲለው፣ ቀድሞ እንዳወቀ ሰው ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። ሰዎች ወደዱለት። ዕውቀቱን የማይሰስት ሰው ተባለ። የሰው አፍንጫ ተበድሮ እንደሚሠራ የጠረጠረ የለም።

ቤቱ ውስጥ ግን አንድ ሰው ነበረች። አንድ ቀን ወተት ምድጃ ላይ አርሮ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ሳለ፣ ሚስቱ ስትገባ እዚያው አጠገቡ ተቀምጦ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ደረሰችበት። ምድጃውን አጠፋች፤ መስኮት ከፈተች፤ አንዳች አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ድስት ጥዳ ከቤት አትወጣም። እሱ ይህን ልብ አላለም።

ሴትዮዋ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ያረጀ ሚኒባስ አላት፤ የተማሪዎች ሰርቪስ ትሠራለች። ጠዋት ልጆችን ከየቤታቸው ለቅማ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ከሰዓት ትመልሳለች፤ የታመመች እናቷንና ራሷን የምታኖረው በዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ነዳጅ እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» አለችው። «ጭሱም ጥቁር ነው። ልጆቹ ‹ባቡሩ መጣ› እያሉ ይስቁብኛል።»

«ባቡር ከሆነማ ሐዲድ ይዘርጉልሻ» አለ በያጁ ከማዶ።

አፍንጫው ማሽኑን ሰክቶ አነበበ። «ጭስ መውጫው ላይ አንዲት ሴንሰር አለች» አላት። «ጭሱን እያሸተተች ለኮምፒውተሩ ታወራለታለች፤ ነዳጅ በዛ፣ ነዳጅ አነሰ እያለች። የአንቺዋ ተበላሽታለች። ተበላሽታም ዝም አላለች፤ ‹አነሰ፣ አነሰ› ትለዋለች፣ እሱም አምኗት ይጨምራል።»

«እሷ ስትቀየር ይስተካከላላ?»

«ወዲያው አይስተካከልም። ኮምፒውተሩ ማብዛት ለምዷል። የለመደውን እናጠፋለታለን፤ ከዚያ ሀ ብሎ ይማራል።»

«የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» አለ በያጁ፤ ሴትዮዋም ሳቀች።

ሴንሰሯን ቀየረ። ኮምፒውተሩ በውሸት ወሬ ያጠራቀመውን ልማድ በማሽኑ ሰረዘ። ሞተሩን አስነሥቶ፣ መብራቱም ሬዲዮውም ጠፍቶ፣ ማንም ነዳጅ መስጫውን ሳይረግጥ ቆሞ እንዲሠራ ተወው። ከዚያ አብረው ወጡ፤ እሷ መሪ ይዛ፣ እሱ ማሽኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፤ ቀስ፣ ፈጠን፣ እግር ማንሣት፣ እንደገና ቀስ። ብረት መማሩ እንዴት ያለ ነገር ነው። ቁጥሮቹ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሕፃን እየተረጋጉ መጡ። አንዷ ብቻ፣ ነዳጅ መጨመሩን የምትናገረዋ፣ በትንሽ በትንሹ ሽቅብ አለች። «ገና እየተማረ ነው» አለ ለራሱ። ድሮ ቢሆን መኪናውን አስቁሞ፣ ወርዶ ያሸት ነበር።

ጋራዡ ሲመለሱ ከኋላ አቆማት። «እስቲ አሽቺ። ምን ይላል?»

ጎንበስ አለች። ቀና ብላ ፊቱን አየችው። መልሳ ጎንበስ አለች።

«ደህና ነው ጋሼ።»

«ውስጥስ?»

«ውስጥም ደህና ነው።»

እፎይ አለ። እጁን ታጠበ፤ መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

ከቀናት በኋላ በእኩለ ቀን ተመልሳ መጣች። ሚኒባሱን ደጁ ላይ አቁማ ከመሪው ሳትነሣ ቆየች። ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አንዷ ልጅ ዛሬ ጠዋት ራሷን ሳተችብኝ» አለች። «ትንሿ ናት፤ ሁልጊዜ ከኋላ ጥግ የምትቀመጠው። ስታስመልስ መንገዱ አዙሯት ነው ብዬ… ከዚያ ስጠራት አልመልስ አለችኝ። ሐኪም ቤት ጭስ ነው አሉኝ። አሁን ነቅታለች፤ ግን ሌሎቹም ሲጠየቁ ‹ራሳችንን ያመናል› አሉ። ለካ ሁሉንም ሲያማቸው ነው የሰነበተው።» እጇን እያፋተገች ቀጠለች። «ነገ ጠዋት ወላጆቻቸው ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንገናኝ ብለውኛል። ሌላ ሰርቪስ ሊይዙ ነው። ነዳጁ ነው ጋሼ። ያን ማደያ ድሮም አላምነውም። እርስዎ የሠሩትማ…»

«ነዳጅ ነው እንጂ» አለ በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «ሰሞኑን የሚሸጡት ምኑ ነዳጅ ነው።»

በሩ ተከፍቶለት ነበር። ራሱን ነቅነቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል፤ እሱም ለምዶታል። ግን ከሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ አንድ ልጅ በጣቱ የሳለው ፈገግታ ነበር፤ ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። እሱን እያየ ጠየቃት።

«ያን ቀን ስታሸቺ፣ እውነት ምንም አልሸተተሽም?»

እጇን ማፋተግ ተወች፤ «ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን ብሎኝ ነበር» አለች። «ውስጥም ዓይኔን ቆጥቆጥ አድርጎኝ ነበር።»

«ታዲያ ደህና ነው አልሽኝ።»

«እርስዎ እያሉ እኔ ምን አሸታለሁ ብዬ ነዋ። እርስዎ ዝም ሲሉ፣ የዋሸኝ የኔ አፍንጫ ነው አልኩ።»

ኮፈኑን ከፈተ። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ በያጁን «መፍጫህን አቁምልኝ» ብሎ ዝም አሰኘው፤ አስነሣው። ጭስ መውጫ ቱቦው ሞተሩን ከሚይዝበት መጋጠሚያ ጠክ ጠክ የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ፤ ብረቱም ላይ በጣት እንደ ተሰመረ የጥላሸት መስመር አለ። በመጋጠሚያው መሀል ጭስ እንዳይሾልክ የሚገባው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። ሞተሩ ሲግል ብረቱ አብጦ ክፍተቱን ያጠብበዋል፣ ድምፁም አይሰማም፤ ያን ቀን ለእሱ የደረሰው ግሎ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይሰፋል፤ ጠዋት ልጆች ስትለቅም ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። በዚያች ክፍተት ጭሱ ወደ ልጆቹ ይወጣል፤ አየር ደግሞ ገብቶ አዲሷን ሴንሰር ያሳስታታል፤ እሷም እንደ አሮጌዋ ‹አነሰ› እያለች ታስጨምራለች። አፍንጫ ያለው ሰው መኪናው ውስጥ ራሱን ሲያስገባ የሚያውቀው ነገር ነበር።

ሞተሩን አጠፋ።

«እኔ አላሸትም» አለ።

«እንዴት?»

«ጉንፋን ከያዘኝ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። አሽቺ ያልኩሽ ልፈትንሽ አልነበረም፤ አንቺ እንድትነግሪኝ ነበር።»

በያጁ ጓንቱን አወለቀ። «ታዲያ እስካሁን ማን ነበር የሚያሸተው?» አለ። ቀልድ ይመስል ነበር፤ ማንም ግን አልሳቀም፤ እሱ ራሱም።

ሴትዮዋ ወደ እሱ ዞረች። «ልጆች ነው የምጭነው ጋሼ» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

በያጁ የቱቦውን መጋጠሚያ አቃናው፤ አዲስ ጓርኒሲዮን ገባ። የኮምፒውተሩ ልማድ እንደገና ተሰረዘ፤ እንደገና መንገድ ለመንገድ ተማረ። ሽቅብ ስትል የነበረችው ቁጥር በዚህ ጊዜ ቦታዋ ላይ ቆመች። አፍንጫው ግን ቁጥሯን አላመናትም። «የሸተተሽን ሁሉ ንገሪኝ» አላት፤ «የማይረባ ቢመስልሽም።» ሞተሩ ሲቀዘቅዝም፣ ሲግልም፣ መስኮት ዘግታ ልጅቷ ከምትቀመጥበት ጥግ ተቀምጣ አሸተተች። «የወንበሩ አቧራ» አለች። «የልጆች ብስኩት። ሌላ የለም።» አላመሰገነችውም።

«ነገ እኔም እመጣለሁ» አላት።

ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እጇን ከሳህኑ አላነሣችም። «ካወቅሁ ቆየሁ» አለች።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተ እስክትነግረኝ ስጠብቅ ነው።» ሳህኑን እያለቀለቀች፣ «ነገ ሄደህ ከተናገርክ መኪና የሚያመጣልህ የለም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እንደምታውቅማ አውቃለሁ።» ሳህኑን አጥባ ደፋችው። በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዝ አልጋው ላይ ዘርግታለት አገኘ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወላጆቹ ሚኒባሱን ከበው ቆመዋል። ሴትዮዋ መሪዋን ይዛ መሬት መሬት ታያለች። አፍንጫው መሀላቸው ገባ። ንግግር አያውቅም፤ አጭር አድርጎ ተናገረ። ሴንሰሯን የቀየረው፣ ኮምፒውተሩን ያስተካከለው፣ ደህና ነው ብሎ የሰጣት እሱ መሆኑን፤ ጭሱን ማሽተት እንደማይችልና ይህን ደብቆ እንደሠራ። «ጥፋቷ እኔን ማመኗ ነው» አለ።

ከመሀል አንድ አባት ብቅ አለ። «ባለፈው የኔንም መኪና የሠራኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። ለሌላ ባለሙያ አሳየው።»

ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ራቅ አለ። ሌሎች ሁለትም ተከተሉት። የትንሿ ልጅ እናት ግን ሚኒባሱ ውስጥ ገባች። በሩን ዘጋች፤ ከኋላ ጥግ ልጇ ከምትቀመጥበት ተቀመጠች፤ ሞተሩ ይሠራል። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ታየች፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እንደሚያዳምጥ ሰው። ወርዳ ለሴትዮዋ፣ «ምንም የለውም» አለቻት። ከዚያ ውጭ ስትጠብቃት የነበረችውን ልጇን በእጇ ይዛ በእግር ሄደች።

የቀሩት ወላጆች ተያዩ። አንዱ «እንግዲህ ከሰዓት ትመልሳቸው» አለ፤ ሌላው «ለዛሬ» አለ። ሴትዮዋ ያገኘችው ይህ ነበር።

«ላድርስዎት ጋሼ?» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣውም አክብሮቱም አንድ ላይ ነበሩ።

«በእግሬ ይሻለኛል።»

ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳቦ ቤት አለ። በዚያ ሰዓት ትኩሱ ዳቦ ይወጣል፤ በደጃፉ የሚያልፍ ሁሉ፣ የቸኮለውም፣ የተከፋውም፣ ሳያውቀው አንገቱን ወደዚያ ያዞራል። ሴትዮዋ በመስታወቷ አየችው። ከፊቱ የነበረው ተማሪ ዞረ፤ ከኋላው የነበረች ሴት ዞረች። እሱ ፊት ለፊቱን እያየ፣ በንጹሕ ሸሚዙ፣ ርምጃውን ሳያዘገይ አለፈ።