ሎንሊ የሚለውን ቃል ይዤ ወደ ኮሶዬ

ጎንደር መናኸሪያ በር ላይ የነበርነው እኒህ ነን፦ ልትሸኘኝ የመጣችው የእህቴ ልጅ ሰብለ ከቀኜ፣ ቦርሳዬን እንደያዘች፤ ረዳቱ ሚኒባሱ በር ላይ፤ አዲስ ድጅኖ የገዙ አንድ አዛውንት ከግንቡ ሥር፤ ሾፌሩ ከመኪናው ፊት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ። መንገዱ ክፍት መሆኑን እየጠየቀ ነበር። እኔ የእሱን ፊት አያለሁ።

የምሄደው ታላቅ እህቴን ጥሩወርቅን ለማየት ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ኮሶዬ ብቻዋን ትኖራለች። ልጇ ሰብለ ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ የእናቷ ነገር ሲነሳ «ሎንሊ ናት» ትላለች። የእኔ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ቃሉን «ብቻውን የሆነ» ብዬ ነበር የማውቀው።

«አይደለም አክስቴ። አጠገብሽ ሰው ከሌለ አሎን ነሽ፣ በቃ። ሎንሊ ግን ስሜት ነው፤ ሰው መሐል ተቀምጠሽም ይሰማሻል።»

«እናትሽ የትኛዋ ናት?»

«አይተሽ ንገሪኝ። ሎንሊ ከሆነች ቤቱን ዘግቼ አመጣታለሁ። ትታመምብኛለች።»

ፍርዱ እኔ ላይ መውደቁን አልወደድኩትም።

ሽቅብ

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ያዝን። ኬላ በታየ ቁጥር መታወቂያዬን አስቀድሜ አወጣለሁ።

«ወይዘሮ፣ ምነው ዝም አሉ? ፈርተው ነው?» አሉኝ ባለድጅኖው።

«እርስዎ አይፈሩም?»

«እኔስ የምፈራው ረዳቱን ነው። ለድጅኖዬ አስከፍሎኝ ወንበር ከለከላት።»

ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ። ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ገብሱን ሸፍኖት ነበር።

ጥሩወርቅ ቤት

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለችኝ እህቴ በሩ ላይ። ስኳር፣ ሳሙናና አንድ እሽግ ክብሪት አመጣሁላት። ሳሙናውን አሸተተች። ክብሪቱን መደርደሪያ ላይ አኖረችው፤ እዚያ ያልተከፈተ ሌላ ክብሪት ተደርድሯል።

ቅቅል ድንች በአዋዜ በላን። ሲመሽ እሳቱን በመዳፈን ፈንታ ፍሙን በትና ውኃ ረጨችበት። እናታችን እሳት ሳታዳፍን አትተኛም ነበር። ይህን ከረሳች ሌላስ ምን ረስታለች? ለሰብለ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ተኛሁ።

ጠዋት

ጥሩወርቅ የእሳት መጫሪያ ገል አንስታ ወጣች። ተከተልኳት። ጎረቤቷ ይታይሽ አጥሩ ጋ ቆማ ትጠብቃታለች።

«ዛሬም ሞተብሽ?»

«ሞተ።»

«መዳፈን የማታውቅ ሴት! ይች እህትሽስ ክብሪት አላመጣችልሽም?»

«የከተማ ክብሪት ብርዳችንን አይችልም።»

ሁለቱም ሳቁ። ስለወለደችው ላም፣ ስለሚዳረው የቄሱ ልጅ ሲያወሩ ገሉ ላይ ያለው ፍም አመድ ለበሰ። ይታይሽ ወሬዋን ሳታቋርጥ ገብታ በሌላ ፍም ለወጠችው። ልንመለስ ስንል ይታይሽ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ከዘገየች እሳቱን እኔ ይዤላት እሄዳለሁ፤ አታስቢ» አለችኝ።

ቤት ገብተን የሰብለን ቃል ከነትርጉሙ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። እሳቱን እፍ እያለች ሰማችኝ።

«ብቻዬንስ ነኝ፤ ይታወቃል። ሌላውን እንጃ» አለች። ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ ጎንደር እሳት የምትጭሪው ከማን ነው?»

«እታለም፣ የእኔ ምድጃ እኮ የኤሌክትሪክ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

ከአስፋልቱ ክላክስ ተሰማ። መንገዱ ሳይዘጋ መውረድ አለብን ይላል ሾፌሩ። ጥሩወርቅን ሳምኳት። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ለሰብለ ደወልኩ።

«ቃሉ የእናትሽ አይደለም። እዚሁ ትኑር» አልኳት።

«እሰይ! ታዲያ የማን ነው?» ብላ ሳቀች።

ረዳቱ በሩን ከፈተልኝ። ገባሁ።