የአዝራር ሰፊዋ ትንፋሽ

ጣቶቿ አዝራር ይተክላሉ። መርፌው ይገባል፣ ክሩ ይሳባል፣ ተጠምጥሞ ይቋጠራል። የእህቴ ልጅ እኔ በካውያ ልብስ በምተኩስበት ስፌት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ከተቀመጠች ሦስት ዓመቷ። ገና ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ግን ደረጃ ስትወጣ ከእኔ ከአሮጊቷ ብሳ ታለከልካለች። አንገቷ ከመድረቁ የተነሣ ሲጠሯት የምትዞረው በሙሉ ገላዋ ነው።

«ቁም ሳጥኑ ዞረ!» ይላሉ አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች እየሳቁ።

እሷ አትስቅም። የስፌት ቤቱ ባለቤት «አንገትሽ ካልተሻለሽ ወንበሩን ለሌላ መስጠቴ ነው፣ የኔ ልጅ» ብላታለች። ሌላ ሙያ ደግሞ የላትም።

ከላያችን ጡረታ የወጣች ነርስ ትኖራለች። አንድ ቀን የወለቀ አዝራር ልታሰፋ መጥታ፣ የልጅቷን አሰፋፍ ስትመለከት ቆየች።

«አንቺ ልጅ፣ ትንፋሽሽን የት አስቀመጥሽው?»

«ምን አሉኝ፣ እትዬ?»

«መርፌው ከገባ ክሩ እስኪቋጠር አልተነፈስሽም እኮ። ዋናተኛ ነሽ እንዴ?»

ሳቅን። ግን እውነቷን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ሁለቱ አተነፋፈስ ሊለማመዱ ሰገነት ይወጣሉ።

«ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል» አለች ልጅቷ መጀመሪያ።

«ያበደ እንዲህ አይረጋጋም» አለቻት ነርሷ።

እጅ ሲነሣ አየር ይገባል፤ ሲወርድ ይወጣል። ትከሻ ይለቃል፣ ጉልበት ትንሽ ይታጠፋል። ዝላይ የለ፣ ሩጫ የለ። ከግቢው ቀና ብዬ ሳያቸው፣ በገመድ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መካከል ቀስ ብለው የሚዋኙ ይመስሉኛል፤ እኔም ሳላውቀው በረጅሙ እተነፍሳለሁ።

አንገቷ ባንድ ጀምበር አልተፈታም። መጀመሪያ እንቅልፏ ተስተካከለ። ቀጥሎ ክር በሳበች ቁጥር ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። በሁለተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ስጠራት ጭንቅላቷ ብቻ ዞረ፤ ትከሻዋ እዚያው ቀረ። ካውያው በእጄ እንዳለ ቆምኩ። የስፌት ቤቱ ባለቤትም አይታለች፤ ትራስ አምጥታ ወንበሩ ላይ አኖረችላት።

ትናንት እንደ ልማዴ ባዶ የቅባት ቆርቆሮ አስይዤ፣ «ፋርማሲ ሂጂና ለአንገትሽ ይህንኑ ገዝተሽ ነይ» ብዬ ላክኋት። እሺ ብላ ወጣች። እግሯ ግን ወደ ሰገነቱ ነበር የሄደው፤ ደረጃው ላይ ማለክለኳ አልተሰማኝም።

ልብስ ላነሣ ስወጣ ቆርቆሮውን ሰገነቱ ጠርዝ ላይ አገኘሁት። የልብስ መቆንጠጫ ሞልታበታለች።