ከገባው የበለጠ ብርሃን

ሁለተኛ ዲግሪ የጀመርኩት ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መቱ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ፣ በመጨረሻ አንድ ኮሌጅ ገብቶ የማስተማር ዕድል መጣልኝ፤ ዲግሪው ከተያዘ። ቦታውን ለምን እንደፈለግሁት ያኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም። ፈልጌው ነበር፣ ይበቃል።

ጥናቴ በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ስለሚሠራ የብርሃን ቀለበት ነበር። ከፀጉር የቀጠነ መስመር ላይ ብርሃን ይለቀቃል፤ መስመሩን ተጠግቶ ያለው ቀለበት ከሚያልፈው ላይ ጥቂት ይስባል። የሞገዱ ርዝመት ከቀለበቱ ዙሪያ ጋር ሲስማማ፣ ዞሮ የተመለሰው ብርሃን አዲስ በሚገባው ላይ እየተደረበ ይጠነክራል። ሬዞኔተር የሚሉት ይህንን ነው። የእኔ ድርሻ መግቢያው፣ መውጫዎቹና ቀለበቱ ውስጥ ያለውን ኃይል መለካትና ቁጥሩ ምን እንደሚል መተርጎም ነበር።

እዚያው መቱ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ በሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ያኔም ከጎኑ የተቀመጠውን ልጅ መልስ እያየ ነበር የሚጽፈው። እሱም ስለ ቀለበት ነው ያጠናው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁሉ የእሱን ፋይል በፍላሽ እየተቀባበሉ ሠሩ። ከፋይሉ ጋር አንድ ልማድም ይተላለፍ ነበር፤ ሲሙሌሽኑ ብርሃኑ ጥቂት ዙር እንደዞረ ይቆማል። ምክንያቱ መብራት ነው። መቱ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ፣ ሰው የሚጀምረው ሳይሄድበት የሚያልቅ ሥራ ብቻ ነበር። እየቆየ ምክንያቱ ተረሳና ልማዱ ሕግ ሆነ። ቀለበቱ ገና ሳይሞላ ስለሚለካ፣ ውስጡ የሚገኘው ኃይል ሁልጊዜ ከመግቢያው ያነሰ ነበር። እነሱም ቀለበቱ ብርሃን ያባክናል ብለው ጻፉ። አንዱ ከአንዱ እየገለበጠ።

እኔ ግን ከመቱ ወጣ ብላ ወዳለችው ሁሩሙ ከተማ ሄድኩ። እዚያ ከሆሳዕና የመጣ ነጋዴ የፎቶኮፒ ቤት ነበረው፤ በገበያ ቀን ሰው ስለሚበዛበት ጄኔሬተሩን ቀኑን ሙሉ ያሠራል። በሚኒባስ እየተጋፋሁ ሄጄ ላፕቶፔን ጥግ ላይ እሰካለሁ።

“እትዬ፣ ይሄ ወፍጮዎ ምን ቢፈጭ ነው ዱቄቱ የማይታየው?” ይለኛል።

“የቸኮለ ጥሬውን ይበላል” እለዋለሁ።

ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ገበያውን አያለሁ። ማር ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት በፊቴ አለፈች፤ ቆየት ብላ እንደገና አለፈች፤ ደግሞ መጣች። ዋጋ እያማረጠች ትዞራለች። እሷ ብቻም አይደለችም። ከዚያ ደጃፍ ሆኖ አላፊውን የሚቆጥር ሰው፣ ወደ ገበያው ከገባው ሕዝብ የበለጠ ያገኛል። ከመሬት የበቀለ ሰው ግን የለም።

በዚያው ቀን የቀለበቱ ኃይል ከመግቢያው ብዙ እጥፍ እስኪሆን አደገ፤ ከዚያ ማደጉን አቁሞ ባለበት ጸና። ከመውጫዎቹ የሚወጣውንና በመንገድ የሚጠፋውን ደመርኩ። ከሚገባው ጋር እኩል መጣ። የተፈጠረ ነገር የለም፤ ያው ብርሃን ነው ደጋግሞ የሚያልፈው።

ጥናቴን ባቀረብኩ ቀን ኃላፊው ሥዕሉን አየና ፈገግ አለ።

“እትዬ፣ እርስዎ ከምንም ተነሥተው ኃይል ፈጠሩ ማለት ነው? እንግዲያው ከመቱ የመብራት ነገር ተገላገልን።”

ክፍሉ ሳቀ። ሁለቱ ፈታኞችም ሳቁ። አንደኛው ነገሩ እንደገባው ከዓይኑ አይቻለሁ፤ ነገር ግን የሥራ ውሉን የሚያድስለት ኃላፊው ነበር።

የሁሩሙን ገበያ ነገርኳቸው። የመውጫዎቹን ድምር አሳየኋቸው። ከዚያም የእናንተ ቁጥር ያነሰው ቶሎ ስለምታስቆሙት ነው አልኩ። ይህችን ባልናገር ምናልባት ያሳልፉኝ ነበር። የኃላፊው ፊት ተለዋወጠ።

“ሳይንስ በገበያ አይተረጎምም፣ እትዬ። እንደ ሌሎቹ በተለመደው ጊዜ ያስቁሙትና ቁጥሩን አስተካክለው ይምጡ።”

“የሚስተካከለው የተሳሳተው ነው” አልኩት። “እርስዎንም ያስተማርኩዎ እንደዚያ ነው።”

በሕይወቴ እሱን እርስዎ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አላስተካከልኩም። አስተካክለው የመጡ አሉ፤ ዛሬ ዶክተር ይባላሉ። ጊዜው አለፈ፣ የኮሌጁን ቦታ ሌላ ሰው ያዘው፣ እኔም በመጀመሪያ ዲግሪዬ ጡረታ ወጣሁ። ወዳጅ ነን የሚሉኝ፣ እሺ ብትይ ምን ነበረበት ይሉኛል። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንኳ ይሉኛል።

ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ትልቅ ጄኔሬተር አስተከለ። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ እሷም መምህርት ናት፣ ለመምህራን የተዘጋጀ ገለጻ አለ ብላ ይዛኝ ሄደች። አቅራቢው ያው ኃላፊ ነበር። ግድግዳው ላይ ቀለበት ይታያል፤ በውስጡ ያለው ኃይል ከመግቢያው ብዙ እጥፍ ነው። ጥያቄ ሲባል እጄን አነሣሁ።

“ባርሲስቱ ኮ” አለ በኦሮምኛ፣ መምህሬ ማለቱ ነው፤ ሰው ሁሉ አክብሮቱን እንዲያይለት።

“ከገባው የበለጠ ኃይል ውስጡ እንዴት ተገኘ?” አልኩት።

ቀለበቱን በእጁ አመለከተ።

“የገበያ ቀን ያስቡ” አለ። “አንድ ሱቅ ደጃፍ ሆነው አላፊውን ቢቆጥሩ፣ ከገባው ሰው ይበልጥብዎታል። ዋጋ የሚያማርጠው እየዞረ ይመለሳላ።”

ወጣቶቹ አቀርቅረው ጻፉት።

“የማን ሱቅ ደጃፍ ነው?” አልኩት።

“የማንም ሊሆን ይችላል፣ ባርሲስቱ” አለና ወደሚቀጥለው ጠያቂ ዞረ።

ስንወጣ ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ፣ “ጥሩ አርጎ አስረዳ፣ አይደል?” አለችኝ።

ጥሩ አርጎ አስረዳ አልኳት።