ካፖርቷን ያላወለቀችው ሴት

መሥሪያ ቤቱ ውጭ አገር ለሚልከን ሠራተኞች ገለጻ በሚሰጥበት አዳራሽ፣ ከኋላ፣ ከእኔ ጎን ተቀምጣለች። ሙቀቱ ሁላችንንም ኮት ሲያስወልቀን እሷ ወፍራም የብርድ አገር ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋለች። ውጭ አገር ሠርታ ተመላሽ መሆኗን ያወቅሁት በዚያ ነው።

ወጣቱ የአስተዳደር ኃላፊ መመሪያውን ሲያነብ ከንፈሯ እየቀደመው ይንቀሳቀሳል። የቤት ኪራዩን፣ ሕክምናውን፣ የልጆች ትምህርቱን፣ ሁሉንም በቃሏ ትወጣዋለች። ውሃ የምታድለን የጽዳት ሠራተኛ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም አለቻትና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

"መመሪያውን ያወጡት እኮ እሳቸው ናቸው። እሱንም እጁን ይዘው ሥራ ያስተማሩት እሳቸው። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ማለት ይኼ ነው፣ እህቴ።"

ኃላፊው "የተመላሽ ሠራተኛ ቦታ ይጠበቃል" የሚለው ላይ ሲደርስ ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ጫማዋን ታይ ነበር።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ፣ የባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ስትል ጠጋ አልኳት።

"እትዬ፣ እውነት ቦታችን ይጠብቀናል?"

ኃላፊው ቢሮው ገብቶ ሲቀመጥ፣ የተቀመጠበትን ወንበር በተከፈተው በር በአገጯ አሳየችኝ።

"እኔን ወንበሬ ጠብቆኛል፣ ልጄ። ይኸውልሽ። መደገፊያው ላይ ያለውን ፕላስተር እንኳ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።"

ከውስጥ ኃላፊው ቀና ሳይል ተጣራ።

"የሚቀጥለው ባለጉዳይ።"

ካፖርቷን አስተካክላ ተነሳች።